ከማባዛት በፊት የሚጠየቅ ጥያቄ

በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ በአንድ የመጨረሻ ክፍል ተማሪ የተደረገ ንግግር



ከመጨረሻው ክፍል ተማሪዎች አንዱ በዚህ በዓል ላይ ስለ ሒሳብ ትምህርት ጥቂት እንዲናገር በተወሰነ ጊዜ ዕጣው በእኔ ላይ ወደቀ። ዕጣ ማለቴ ለአነጋገር ማሳመሪያ አይደለም፤ የምናገርበትም ጉዳይ ይኸው ዕጣና ዕድል ነው። ሒሳብ ሲባል ብዙ ሰው እንደሚሰለች ዐውቃለሁ። ስለዚህ ዛሬ ከማባዛትና ከማካፈል በቀር ሌላ ነገር አልጠይቃችሁም። ይህን ደግሞ እዚህ የተቀመጡት እናቶች ሁሉ በየገበያው ከእኛ ይልቅ አሳምረው እንደሚሠሩት የታወቀ ነው።

ሁለት ነገሮች ባንድነት የመሆናቸውን ዕድል ለማወቅ ስንፈልግ የአንደኛውን ዕድል በሁለተኛው ዕድል ማባዛት እንዳለብን በክፍል ተምረናል። ነገር ግን ከማባዛታችን በፊት ልንጠይቀው የሚገባን አንድ አጭር ጥያቄ አለ፤ ይኸውም፥ «የአንደኛው መሆን የሁለተኛውን ዕድል ይለውጠዋልን?» የሚል ነው። የማይለውጠው ከሆነ ሁለቱ ድርጊቶች ራሳቸውን የቻሉ ይባላሉ። የሚለውጠው ከሆነ ደግሞ ሁለተኛው የአንደኛው ጥገኛ ነው ይባላል። ነገሩ ሲሰሙት ቀላል ይመስላል። ይሁን እንጂ ይህ ጥያቄ ተዘንግቶ ብዙ ሰው ገንዘቡን አጥቶአል፤ አንዲት እናትም ወደ ወህኒ ወርዳለች። ንግግሬንም የማደርገው ይህን ለማስረዳት ነው። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ እገልጻለሁ።

የዚህ ትምህርት መነሻው የቁማር ጨዋታ መሆኑ ያስደንቃል። በ1654 ብሌዝ ፓስካል የተባለው ፈረንሳዊ ሊቅ፥ በቱሉዝ ከተማ የሕግ ሰው ከነበረው ከፒየር ደ ፌርማ ጋር ደብዳቤ ተጻጻፈ። ጥያቄያቸውም ሁለት ሰዎች ገንዘብ አስይዘው ሲጫወቱ ጨዋታው ሳያልቅ ቢቋረጥ ገንዘቡን እንዴት ቢካፈሉት ትክክል ይሆናል የሚል ነበር። ከእነርሱ በኋላ አብርሃም ደ ሙዋቭር የሚባል፥ በሃይማኖቱ ምክንያት ከፈረንሳይ አገር ተሰድዶ በሎንዶን ይኖር የነበረ የሒሳብ ሊቅ በ1718 ስለ ዕድል አንድ ትልቅ መጽሐፍ አሳተመ። ራሳቸውን የቻሉ ድርጊቶችና ጥገኛ ድርጊቶች የሚለያዩበትን መንገድ አጥርተው ከጻፉት የቀድሞ ሊቃውንት አንዱ እርሱ ነው። ትምህርቱ ከቁማርተኞች ገበታ ቢነሣም ዛሬ ሐኪሙም፥ መሐንዲሱም፥ የመድን ድርጅቱም፥ የአየር ጠባይ ትንበያ ሠራተኛውም ያለ እርሱ ሥራቸውን ሊሠሩ አይችሉም።

አሁን ወደ ምሳሌዎቹ ልግባ። ታላላቆቻችን «ዘውድ ወይስ ጎፈር?» እያሉ ሳንቲም ወደ ላይ ይወረውሩ ነበር። ዘውዱ ከሳንቲማችን ላይ ከቀረ ብዙ ዘመን ሆኖታል፤ አንበሳው ግን ከነጎፈሩ አለ። ሳንቲሙ ያልተጣመመ ከሆነ ጎፈር የመውደቁ ዕድል 1/2 ነው። ሁለት ጊዜ ብንወረውረው ሊሆኑ የሚችሉት አራት ናቸው፤ ሁለቱም ጎፈር፥ ሁለቱም ዘውድ፥ መጀመሪያ ጎፈር ቀጥሎ ዘውድ፥ መጀመሪያ ዘውድ ቀጥሎ ጎፈር። ስለዚህ ሁለት ጊዜ ጎፈር የመውደቁ ዕድል ከአራቱ አንዱ፥ ማለት 1/2 በ1/2 ተባዝቶ 1/4 ነው። እዚህ ላይ ማባዛቱ ትክክል የሆነው ሳንቲሙ ቀድሞ በየትኛው ፊቱ እንደ ወደቀ ስለማያስታውስ ነው። እርሱ ነገርም አይዝም፥ ዕዳም አይከፍልም።

ሰው ግን ያስታውሳልና ሳንቲሙም የሚያስታውስ ይመስለዋል። አምስት ሴቶች ልጆችን በተከታታይ የወለደች አንዲት እናት ስድስተኛውን ባረገዘች ጊዜ ጎረቤት ሁሉ «መቼም የአሁኑ ወንድ ነው!» ይላታል። ምክንያቱን ቢጠይቁት «ስድስት ሴቶች ተከታትለው መወለዳቸው እጅግ ብርቅ ነው» ብሎ ይመልሳል። ይህ አነጋገር ግማሹ እውነት ነው። የወንድና የሴት ዕድል እኩል ነው ብንል፥ አንዲት ሴት ገና ከመውለዷ በፊት ስድስቱም ልጆችዋ ሴቶች የመሆናቸው ዕድል 1/64 ነው። ነገር ግን አምስቱ ዛሬ ተወልደው በግቢው እየሮጡ ነው። እነርሱ ከእንግዲህ ዕድል መሆናቸው ቀርቶ እርግጥ ሆነዋል። የቀረው አንድ ልደት ብቻ ነው፤ የእርሱም ዕድል እንደ መጀመሪያው ልደት 1/2 ያህል ነው። ያህል ያልሁት በዓለም ላይ 100 ሴቶች ሲወለዱ 105 ያህል ወንዶች ስለሚወለዱ ነው። የሕፃኑን ወንድነት ወይም ሴትነት የሚወስነው ከአባት የሚመጣው ዘር ስለ ሆነ፥ በሴት ልጅ ብዛት እናቲቱን የሚወቅሱ ሰዎች ሒሳቡንም የሰውን ተፈጥሮም አልተማሩም ማለት ነው።

ይኸው አስተሳሰብ በቁማር ቤት ሲገባ ኪስ ያራቁታል። በ1913 በሞናኮ አገር በሞንቴ ካርሎ በሚገኘው የቁማር ቤት፥ ሩሌት በሚባለው በሚሽከረከረው ገበታ ላይ ኳሱ 26 ጊዜ በተከታታይ በጥቁሩ ቤት ላይ ወደቀ። ተጫዋቾቹ ጥቁሩ በተደጋገመ ቍጥር «አሁንስ ቀዩ ተራው ደርሶአል» እያሉ በቀዩ ላይ የሚያስይዙትን ገንዘብ ጨመሩ፤ ብዙ ገንዘብም ጠፋባቸው። ኳሱ ግን ተራ የሚባል ነገር አያውቅም። እነዚህ ሰዎች የተሳሳቱት ራሱን የቻለውን ድርጊት ጥገኛ አድርገው በመቍጠራቸው ነው። ይህ አንደኛው የስሕተት ዓይነት ነው።

ሁለተኛው የስሕተት ዓይነት የዚህ ተቃራኒ ነው፤ ጥገኛ የሆነውን ነገር ራሱን እንደ ቻለ መቍጠር ነው። የሚብሰውም ይህ ነው። እርሱን ከመናገሬ በፊት ግን ጥገኛ ድርጊት ምን እንደሚመስል ሁላችንም ከምናውቀው ከዕቁብ ላሳያችሁ።

አሥር አባሎች ያሉት ዕቁብ አለ እንበል። በየወሩ ሁሉም እኩል ገንዘብ ያዋጣሉ፤ ስማቸው የተጻፈባቸው ወረቀቶች ተጠቅልለው በአንድ ዕቃ ውስጥ ይጨመሩና አንዱ ይወጣል። የወጣለት ሰው ዋስ ጠርቶ ገንዘቡን ይወስዳል፤ ወረቀቱም ከዚያ በኋላ ወደ ዕቃው አይመለስም። በመጀመሪያው ወር የእያንዳንዱ ሰው ዕድል 1/10 ነው። በሁለተኛው ወር የቀሩት ወረቀቶች ዘጠኝ ስለ ሆኑ ገና ላልደረሰው ሰው ዕድሉ 1/9 ይሆናል፤ አስቀድሞ ለወሰደው ሰው ግን ዕድሉ ዜሮ ነው። የመጀመሪያው ዕጣ የሁለተኛውን ዕድል ለወጠው ማለት ነው። ጥገኛ ድርጊት የሚባለው ይህ ነው። ሳንቲም አያስታውስም፤ የዕቁብ ዕቃ ግን ያስታውሳል፤ የሚያስታውሰውም ከውስጡ በጐደለው ወረቀት ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የሚነሣ ክርክር አለ። አንዳንድ አባል «መጀመሪያ የሚወጣለት ሰው የታደለ ነው፤ ወደ ኋላ የሚወጣው ዕጣ ግን ዕድሉ የተለየ ነው» ይላል። እስቲ እናስላው። አንድ አባል ልክ በሁለተኛው ወር እንዲደርሰው በመጀመሪያው ወር ሊቀርበት ይገባል፤ የዚህ ዕድል 9/10 ነው። ከዚያም በሁለተኛው ወር ሊወጣለት ይገባል፤ የዚህ ዕድል 1/9 ነው። 9/10 በ1/9 ቢባዛ 1/10 ይሆናል። በሦስተኛው ወር እንዲደርሰው ደግሞ 9/10 በ8/9፥ ከዚያም በ1/8 ይባዛል፤ ውጤቱ አሁንም 1/10 ነው። እስከ አሥረኛው ወር ብንቀጥል መልሱ አይለወጥም። ዕጣው ሳይወጣ እያንዳንዱ አባል በእያንዳንዱ ወር የሚደርሰው ዕድል እኩል ነው። ሒሳብን በትምህርት ቤት ያልተማሩት አባቶቻችንና እናቶቻችን ትክክለኛ የሆነ ሥርዓት ማቆማቸውን ቍጥሩ ይመሰክርላቸዋል።

እንግዲህ በጥገኛ ድርጊቶችም ላይ እንደምናባዛ ልብ በሉ። የምናባዛው ግን ሁለተኛውን ዕድል አንደኛው ከሆነ በኋላ ባለው መልኩ አስተካክለን ነው። 1/10 የነበረውን 1/9 ብለን፥ 1/9 የነበረውን 1/8 ብለን ነው። ይህን ማስተካከያ የረሳ ሰው የሚያገኘው መልስ የሌላ ጥያቄ መልስ ነው።

ለዚህም ማስረጃ እንዲሆን የዕቁቡ ዳኛ ወረቀቱ ወደ ዕቃው ይመለስ ብሎ አዘዘ እንበል። ያን ጊዜ የየወሩ ዕጣ ራሱን የቻለ ይሆናል፤ አንድ ሰው ሁለት ሦስት ጊዜ ሊደርሰውም ይችላል። አንድ አባል በአሥሩም ወራት ሳይደርሰው የመቅረቱ ዕድል 9/10 አሥር ጊዜ በራሱ ተባዝቶ ከመቶ 35 ያህል ይሆናል። ከአሥሩ አባሎች በአማካይ ከሦስት የሚበልጡት አሥሩን ወር ሙሉ አዋጥተው ባዶ እጃቸውን ይቀራሉ ማለት ነው። ወረቀቱን በመመለስና ባለመመለስ መካከል ያለው ልዩነት ይህን ያህል ነው! አንደኛው ዕቁብ ነው፤ ሁለተኛው ቁማር ነው።

አሁን ወደ ተናገርሁት ወደ ሁለተኛው ስሕተት እመለሳለሁ። በዕቁብ ላይ የነገሮቹ መያያዝ በዓይን ይታያል። በብዙ የዓለም ጉዳይ ግን ማያያዣው ገመድ ተሰውሮ ይኖራል። ለዚህ አንድ የአውሮፕላን ታሪክ ልጥቀስ።

አራት ሞተር ያለው አውሮፕላን በአንድ ሞተር መጥፋት ብቻ አይወድቅም። ለምሳሌ ያህል አንድ ሞተር በአንድ ጉዞ ላይ የመጥፋቱ ዕድል ከ10,000 አንድ ነው እንበል። ይህ ቍጥር ለምሳሌ የወሰድሁት እንጂ የተመዘገበ አይደለም። አራቱ ሞተሮች ራሳቸውን የቻሉ ናቸው ብለን ብናባዛ፥ አራቱም ባንድ ጉዞ የመጥፋታቸው ዕድል አንድ ተጽፎ አሥራ ስድስት ዜሮ ከሚከተለው ቍጥር አንድ ብቻ ይሆናል። ይህን ያየ ሰው «ይህስ ከቶ አይሆንም» ብሎ በሰላም ይተኛል። ነገር ግን በጁን 24 ቀን 1982 ማታ 248 መንገደኞችና 15 ሠራተኞች ይዞ ከኳላ ሉምፑር ወደ አውስትራልያ ከተማ ወደ ፐርዝ ሲበር የነበረ ቦይንግ 747 አውሮፕላን፥ በኢንዶኔዥያ በጃቫ ደሴት አጠገብ አራቱም ሞተሮቹ በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ ተከታትለው ጠፉ። ምክንያቱ ጋሉንጉንግ ከሚባለው እሳተ ገሞራ የወጣ የዐመድ ደመና ነበር። አውሮፕላኑ ያለ ሞተር ወደ ታች እየወረደ ከደመናው በወጣ ጊዜ አብራሪዎቹ ሞተሮቹን እንደገና ለማስነሣት ቻሉ፤ በጃካርታም በደኅና አረፉ። አንድ ሰው እንኳ አልሞተም።

የዚህ ታሪክ ትምህርት ግልጽ ነው። አራቱ ሞተሮች ለየብቻቸው የተሠሩ ቢሆኑም የሚስቡት አየር አንድ ነው። አንድ ምክንያት አራቱንም ባንድ ጊዜ በሚነካበት ቦታ ላይ ማባዛት ከንቱ ነው። ስለዚህ መሐንዲስ የሆነ ሰው «አንዱ ቢበላሽ ሌላው አለ» ብሎ ብቻ አይቀመጥም፤ «ሁለቱን ባንድነት የሚያበላሸው ምንድር ነው?» ብሎ ይጠይቃል።

ወደ ራሳችን ቤት ስንመለስ ደግሞ ይህ ነገር በፈተና ጊዜ ይገጥመናል። ክቡራን መምህራን ለዚህ ምሳሌ ይቅርታ እንዲያደርጉልኝ እለምናለሁ። አራት ምርጫ ባለው ፈተና ላይ ሁለት ተማሪዎች አምስት ጥያቄዎችን ተሳስተው በአምስቱም አንድ ዓይነት የተሳሳተ መልስ መረጡ እንበል። ለእያንዳንዱ ጥያቄ ሦስት የተሳሳቱ ምርጫዎች አሉ። ሁለቱም ተማሪዎች በግምት ቢመርጡ፥ የሁለተኛው ስሕተት ከአንደኛው ጋር የመግጠሙ ዕድል በእያንዳንዱ ጥያቄ 1/3 ነው፤ አምስት ጊዜ ቢባዛ 1/243 ይሆናል። እንግዲህ «ይህ በአጋጣሚ አይሆንም፤ ተኰራርጀዋል» ለማለት ሰው ይቸኩላል። ኰርጀው ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ሁለቱ ተማሪዎች ከአንድ ደብተር ያጠኑ፥ ደብተሩም ያን ስሕተት የያዘ ቢሆንስ? ወይም ከተሳሳቱት ምርጫዎች አንዱ ሰውን ሁሉ የሚያሳስት ቢሆንስ? ያን ጊዜ የስሕተታቸው መግጠም እንደ አራቱ ሞተሮች መጥፋት ነው፤ አንድ ምክንያት አለው፤ ምክንያቱም ኵረጃ አይደለም። ስለዚህ ቍጥሩ ጥርጣሬን ሊያስነሣ ይገባዋል እንጂ ፍርድን ሊሰጥ አይገባውም። ተማሪዎቹን ለየብቻ ጠርቶ መጠየቅ፥ ደብተራቸውን ማየት፥ የተቀመጡበትንም ቦታ መመርመር ያስፈልጋል።

በትምህርት ቤት የሚጠፋው ጥቂት ማርክና አንዳንድ ጊዜም የአንድ ልጅ መልካም ስም ነው። በፍርድ ቤት ሲሆን ግን የሚጠፋው ከዚህ የከበደ ነው። በእንግሊዝ አገር ሳሊ ክላርክ የምትባል የሕግ ባለሙያ ነበረች። የመጀመሪያ ልጅዋ ጥቂት ሳምንታት ብቻ ኖሮ በ1996 መጨረሻ በድንገት ሞተባት። ሁለተኛውም ልጅዋ በ1998 መጀመሪያ እንዲሁ በሕፃንነቱ ሞተ። ከዚህም በኋላ ሁለቱን ልጆችዋን ገድላለች ተብላ ተከሰሰች። በ1999 ነገሩ በፍርድ ቤት ሲታይ አንድ የታወቀ የሕፃናት ሐኪም ለምስክርነት ቀርቦ አንድ ቍጥር ተናገረ። እንደ እርስዋ ቤተ ሰብ ባለ፥ ሲጋራ በማይጨስበትና ገቢ ባለው ቤት፥ እናቲቱም ከ26 ዓመት በላይ በሆነች ጊዜ፥ አንድ ሕፃን ምክንያቱ ሳይታወቅ በድንገት የመሞቱ ዕድል ከ8,543 አንድ ነው አለ። ሁለት ሕፃናት እንዲህ የመሞታቸው ዕድል ደግሞ 8,543 በ8,543 ተባዝቶ ከ73 ሚሊዮን አንድ ነው አለ። ጁሪ የሚባሉት ከሕዝብ የተመረጡ ፈራጆች ይህን ከሰሙ በኋላ በ10 ለ2 ድምፅ ጥፋተኛ ናት አሉ፤ እርስዋም የዕድሜ ልክ እስራት ተፈረደባት።

እስቲ ጥያቄያችንን እንጠይቅ። የአንደኛው ሕፃን መሞት የሁለተኛውን ዕድል አይለውጠውምን? ሁለቱ ልጆች ከአንድ አባትና ከአንዲት እናት የተወለዱ ወንድማማቾች ናቸው። የአባትና የእናታቸው ዘር አንድ ነው፤ ያደጉበት ቤት፥ የተነፈሱትም አየር አንድ ነው። ገና ያልታወቀ የተፈጥሮ ሕመም በመጀመሪያው ልጅ ላይ ከነበረ በሁለተኛው ላይ ሊኖር ይችላል። ስለዚህ ድርጊቶቹ እንደ ሳንቲም ውርወራ ራሳቸውን የቻሉ ናቸው ለማለት ምንም ማስረጃ አልነበረም። ለምሳሌ ያህል፥ አንድ ልጅ በዚህ ዓይነት በሞተበት ቤት ሁለተኛው የመሞቱ ዕድል ከ100 አንድ ነው ብንል፥ ከ73 ሚሊዮን አንድ የተባለው ዕድል ከ854,300 አንድ ይሆናል። ከ100 አንድ ያልሁት ለማስረዳት ነው እንጂ የተረጋገጠ ቍጥር አይደለም። ሆኖም አንዲት ያልተጠየቀች ጥያቄ መልሱን ከ85 እጥፍ በላይ ልትለውጠው እንደምትችል ያሳያል።

ሌላም ስሕተት ነበረበት። ከ73 ሚሊዮን አንድ የሚለውን ቍጥር የሰማ ሰው «እንግዲያውስ ንጹሕ የመሆንዋ ዕድል ከ73 ሚሊዮን አንድ ነው» ብሎ ያስባል። ይህ ፈጽሞ ሌላ ነገር ነው። የብሔራዊ ሎተሪ ትልቁ ዕጣ ለአንድ የተወሰነ ሰው የመውጣቱ ዕድል እጅግ ጥቂት ነው፤ ነገር ግን ዕጣው የወጣለትን ሰው «ይህ በአጋጣሚ አይሆንም፤ አታልለሃል» ብለን አንከስሰውም። ብርቅ የሆነ ነገር በብዙ ሚሊዮን ሕዝብ መካከል በአንዱ ላይ መድረሱ አይቀርም። ደግሞም አንዲት እናት ሁለት ሕፃናት ልጆችዋን መግደልዋ ራሱ እጅግ ብርቅ ነገር ነው። ፈራጅ ማመዛዘን የሚገባው ሁለቱን ብርቅ ነገሮች እርስ በርሳቸው ነው እንጂ አንዱን ብቻ ይዞ መደንገጥ አይደለም።

በ2001 የእንግሊዝ አገር ንጉሣዊ የስታቲስቲክስ ማኅበር ያ ቍጥር መሠረት የሌለው መሆኑን በይፋ ገለጸ። በ2003 ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ፍርዱን ሻረው። ዋናው ምክንያት የሁለተኛው ልጅ የላቦራቶሪ ምርመራ ውጤት ለተከላካዮችዋ ሳይገለጽ መቅረቱ ነበር፤ ፍርድ ቤቱ ግን የቍጥሩንም ነገር አጥብቆ ነቀፈ። ሳሊ ክላርክ ከሦስት ዓመት በላይ ታስራ ከወጣች በኋላ በ2007 በ42 ዓመትዋ ሞተች። ልጆችዋን ያጣች እናት ሐዘንዋን በወህኒ ቤት ሆና አሳለፈች። የማባዛት ስሌቱ አንድም አኀዝ አልተሳሳተም፤ 8,543 በራሱ ሲባዛ በእርግጥ 73 ሚሊዮን ያህል ነው። የተሳሳተው ከማባዛቱ በፊት የነበረው አሳብ ነው።

ወላጆቼና ጓደኞቼ ሆይ፤ ዝንጀሮ እሾህ በወጋት ጊዜ ከየቱ እንጀምር ቢሏት «በፊት የመቀመጫዬን» አለች ይባላል። ለእኛም በፊት የሚመጣው ሊቀድም ይገባዋል። ብዙ ቍጥር የያዘ ነገር ሲነገረን ሦስት ነገር እንጠይቅ። አንደኛ፥ የፊተኛው ድርጊት ለኋለኛው የተረፈውን ነገር ይለውጣልን? በዕቁብ እንዳየነው ከዕቃው ውስጥ ወረቀት ይጐድላልን? ሁለተኛ፥ ሁለቱን ባንድነት የሚነካ አንድ የተሰወረ ምክንያት አለን? እንደ ዐመዱ ደመና፥ እንደ ተማሪዎቹ ደብተር፥ እንደ ወንድማማቾቹ ዘር ያለ። ሦስተኛ፥ የተነገረን ዕድል የየትኛው ጥያቄ መልስ ነው? «ንጹሕ ከሆነች ይህ ነገር የመድረሱ ዕድል ስንት ነው?» የሚለውና «ይህ ነገር ከደረሰ ንጹሕ የመሆንዋ ዕድል ስንት ነው?» የሚለው ሁለት ጥያቄዎች ናቸው። እነዚህን ሦስቱን ለመጠየቅ ትልቅ ሊቅ መሆን አያስፈልግም፤ ትዕግሥት ብቻ ይበቃል።

እኛ የመጨረሻው ክፍል ተማሪዎች በቅርቡ ከዚህ ግቢ እንወጣለን። ከመካከላችን ሐኪም፥ ዳኛ፥ መሐንዲስ፥ መምህር የሚሆን አለ። በእነዚህም ሥራዎች ሁሉ ላይ ቍጥር ይዞ የሚመጣ ሰው አይጠፋም። ቍጥር የሚያስከብር ልብስ ነው፤ የለበሰውን ሁሉ ዐዋቂ ያስመስለዋል። ሒሳብን የተማረ ሰው ከሌላው የሚለየው ቶሎ በማባዛቱ አይደለም፤ ያንንስ ዛሬ በየኪሳችን ያለው ስልክ ከእኛ ይልቅ ፈጥኖ ይሠራዋል። የሚለየው መባዛት የሚገባውንና የማይገባውን በማወቁ ነው። ይህን ስልኩ አይጠይቅልንም፤ ሰው ሊጠይቀው ይገባል።